በቅን ልቦና የጠቆመ ተሳፋሪ

መቼም ሕግ ድንበር ሲሻገር እንደ ሰው ፓስፖርት ይጠየቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እኔ ራሴ ቶጎ ውጫሌ ላይ ተፈትሼ፣ ተገላምጬ፣ ቀበቶዬን ፈትቼ ነው የማልፈው። ሕግ ግን ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ማንም ኪሱን ሳይዳብሰው እንደ ልቡ ይወጣል ይገባል ይመስለኝ ነበር። ይህን የማወራችሁ ልፈላሰፍባችሁ ፈልጌ አይደለም። አንድ ሰው ላይ ያደረስኩት ነገር አለ፤ ከዚያ ወዲህ እህል አልጣፍጠኝ ብሏል። ለእናንተ ካወራሁት ትንሽ ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ሐርጌሳ ውስጥ በአንድ ሆቴል ጄኔሬተር እጠግናለሁ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ስሜን የሚጠራኝ፣ ሲበራ ማንም የማያስታውሰኝ ሰው ነኝ። ታዲያ አንድ ቀን ‹‹የሴኩሪቲ ትሬኒንግ አለ›› ተባለና ከማናጀሩ እስከ ልብስ አጣቢዋ ሁላችንም አዳራሽ ገባን። አሠልጣኙ ከውጭ የመጣ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነበር። ‹‹አጠራጣሪ ነገር ካያችሁ ሪፖርት አድርጉ፤ አትፍሩ›› አለን። ‹‹አንድ ተጓዥ በቅን ልቦና እስከ ጠቆመ ድረስ ጥርጣሬው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ አይከሰስም፣ ካሣም አይጠየቅም። ሕግ ይጠብቀዋል።››

ሕግ ይጠብቀዋል! በሰው አገር የሚኖር ሰው ይህችን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ያልተሰደደ አያውቀውም። ሌላው ሁሉ እያዛጋ እኔ ብቻ ጆሮዬን ቀስሬ ቃል በቃል በልቤ ያዝኩት። ሲያልቅ ሳምቡሳ ታደለ። ‹‹ለመሆኑ የየት አገር ሕግ ነው?›› ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሳምቡሳው ትኩስ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ መንጋጋ ጥርሴ ያሠቃየኝ ጀመርና ጅግጅጋ ሄጄ አስነቀልኩት። ጉንጬ አብጦ፣ አፌ ውስጥ ጥጥ ነክሼ ነው የተመለስኩት። ሐኪሙም ሲሸኘኝ ‹‹ዛሬ ብዙ አትናገር›› ብሎኝ ነበር። አያችሁ፣ አንዳንዴ ምክር ከነደረሰኙ ይሰጥህና ደረሰኙን ብቻ ይዘህ ትወጣለህ።

ቶጎ ውጫሌ ላይ የሐርጌሳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ቀጭን ሰው ተቀመጠ። በኋላ ስሙ ጃማ መሆኑን ሰማሁ፤ ያኔ ግን ‹‹አጠገቤ ያለው ሰውዬ›› ብቻ ነበር። ጭኑ ላይ አንድ ፔርሙስ ይዟል። ፔርሙሱ በረጠበ ፎጣ ተጠቅልሏል፤ ፎጣው ደግሞ በጥቁር ፕላስተር ዙሪያውን ተጠምጥሟል። ከሥሩ ጠብ ጠብ እያለ ሱሪዬን አረጠበው። ‹‹ይቅርታ›› ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለኝም። የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ከዚህ ሱሪ እንደ ተነሣ ልደብቃችሁ አልችልም።

ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ስልኩ ጮኸ። አነሣ፣ አዳመጠ፣ ‹‹እሺ›› ብቻ አለ። ደዋዩ ዘግቶም ስልኩን ከጆሮው አላወረደም። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ሌላ ሰው ሆነ። ያልበዋል። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ፊት ለፊታችን የተቀመጠች፣ ቲማቲም በሳጥን የጫነች ሴትዮ ውሃ ብትሰጠው እጁን አወዛውዞ እምቢ አላት። በዚያ ሙቀት ውሃ እምቢ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ፔርሙሱን አቅፎ መስኮት መስኮቱን ያያል፤ እኔ ደግሞ እሱን እሱን አያለሁ።

ገቢሌ ከተማ ስንደርስ የዙሁር፣ የቀትሩ ሰላት ደረሰና ሾፌሩ መስጊድ ደጅ አቆመ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ በዚህ መንገድ ላይ በየመኪናው የታወቀ ሹመት አለኝ። ሁሉም ሲወርድ ‹‹ሀበሻው አለ አይደል?›› ይሉና ቦርሳውን፣ ዘንቢሉን፣ አንዳንዴም የተኛ ሕፃን ጥለውልኝ ይሄዳሉ። የሁለት አገር ዕቃ ጠብቄያለሁ፤ መርፌ ጠፍቶብኝ አያውቅም። በዚያ ቀን ግን ሁሉም ወርዶ ሰውየው ቀረ።

ደነገጥኩ። ኮፍያውን አድርጓል፣ ጢሙን አስረዝሟል፣ ሲሳፈር ‹‹ቢስሚላህ›› ብሏል፤ ታዲያ ለምን አይወርድም? እኔ ስለ ሰላት የማውቀው ሰዓቱ ሲደርስ ሰው እንደሚወርድ ብቻ ነው። በዚች ዕውቀቴ ተነሥቼ ሰፊ ድምዳሜ ላይ ደረስኩ፦ ይህ ሰው ወይ እንደ እኔ ክርስቲያን ነው፣ ወይ ከዛሬ በኋላ ሰላት የማያስፈልገው ሰው ነው። ከፔርሙሱ ውስጥ ደግሞ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭ… ቀጭ… ይላል። ሕፃናት ያሉበት መኪና ነው። የቲማቲሟ ሴትዮ ልጅ ሙዝ እየላጠች ስትመለስ አየኋት። ቀልድ አልነበረም፤ እውነት ፈርቼ ነበር።

ከገቢሌ ወጣ ብሎ ያለው ኬላ ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ሊያስታውከኝ እንደሆነ ምልክት ሰጥቼ ወረድኩና ወታደሩን ወደ ጎን ሳብኩት። በሶማልኛ፣ ጥጥ በነከሰ አፍ፣ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ወታደሩ በጥንቃቄ አዳመጠኝና የመጀመሪያ ጥያቄውን ጠየቀ።

‹‹አፍህ ውስጥ ምን ደብቀሃል?››

ጥጡን አወጣሁ። ደም ነበረው። ወደ ኋላ አፈገፈገና ጓደኛውን ጠራ። መታወቂያዬ ታየ፣ ኪሴ ተበረበረ፣ ጫማዬ ወለቀ። ሌላ ሰው ልጠቁም ሄጄ አስቀድሞ የተፈተሸው እኔ ነኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው።

የእኔ ከተጣራ በኋላ ተራው የመኪናው ሆነ። ‹‹ሁላችሁም ውረዱ! ስልካችሁን አምጡ!›› በስልክ የሚፈነዳ ነገር አለ ተብሎ ስልክ ሁሉ በአንድ ፌስታል ተሰበሰበ። ፔርሙሱ ብቻውን ወንበሩ ላይ ቀረ። እኛ ራቅ ወዳሉ የግራር ዛፎች ተነዳን። ያን ጊዜ ነው ሰውየው የተናገረው።

‹‹እናቴ ሞታለች›› አለ። ‹‹ዛሬ ጠዋት። ሐርጌሳ ናት። ከዐስር፣ ከተሲያቱ ሰላት በኋላ ይቀብሯታል። ያ የስኳር መርፌዋ ነው፤ በበረዶ ይዤላት እየመጣሁ ነበር። እባካችሁ ልሂድ።››

ወታደሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ፊቱ ሁሉ ተለዋወጠ። ግን ሥራው መጠየቅ ስለሆነ ጠየቀ። ‹‹ከሞተች መድኃኒቱን ለምን ትወስደዋለህ?››

ጃማ ፔርሙሱ ወዳለበት መኪና ዞሮ አየ። እኔም በልቤ ‹‹እውነቱን ነው፣ ለምን ይወስደዋል?›› አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ብያለሁ።

‹‹ተዉኝ፣ እኔው ልክፈተው›› ብሎ ወደ መኪናው ሲራመድ ሁሉም በአንድ ድምፅ ‹‹እንዳትነካ!›› ብለው ጮኹ። ‹‹እሺ፣ ፔርሙሱን ያዙት፣ እኔ ልሂድ›› አለ። ‹‹ባለቤቱ ሄዶ ዕቃው ይፈተሻል?›› አሉት። ‹‹እሺ፣ ለእኅቴ ልደውል።›› ስልኩ ፌስታል ውስጥ ነው፤ ፌስታሉን ደግሞ ፈንጂ የሚያውቀው ሰው ሳይመጣ መክፈት ክልክል ነው። ፈንጂ የሚያውቀው ሰው የት አለ? መንገድ ላይ ነው። የት መንገድ? መንገድ ላይ ነዋ! ሁሉም መልስ ልክ ነበር፤ እያንዳንዱ ልክ መልስ ግን ሰውየውን ከእናቱ አንድ እርምጃ ያርቀዋል።

ጥላችን እየረዘመ ሲሄድ አላስቻለኝም። የኬላው አዛዥ ዘንድ ሄጄ ‹‹ጌታዬ፣ ጥቆማዬን አንሥቻለሁ›› አልኩት።

‹‹ምን ማለት ነው?››

‹‹ተሳስቻለሁ። ሰውየው ሐዘንተኛ ነው። ልቀቁት።››

አዛዡ ዓይኑን አጠበበ። ‹‹ለምን ሐሳብህን ቀየርክ? አስፈራራህ? ትተዋወቃላችሁ?››

‹‹ኧረ በጭራሽ!››

‹‹ከማታውቀው ሰው ጎን ምን አቆመህ ታዲያ?›› አለና ወታደሩን ጠርቶ እኔንና ጃማን ለብቻ አስቀመጠን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለካ ተረት አይደለም፣ የኬላ መመሪያ ነው። ጨነቀኝና ‹‹እኔ በቅን ልቦና ነው የጠቆምኩት፣ ሕግ ይጠብቀኛል!›› ብዬ ጮኽኩ። አዛዡ በመገረም አየኝ። ‹‹ማን ከሰሰህ?›› አለኝ።

ማንም አልከሰሰኝም። ጃማ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ መሬት ላይ ተቀምጦ መኪናዋን ያያል። አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ተናግሮኝ ቢሆን ምናለ!

የዐስር ሰላት ደረሰ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ አዛን አለና እዚያው አሸዋው ላይ ተሰለፉ። ጃማም ገባ። ሁሉም ጨርሶ ሲነሣ እሱ ብቻውን እንደገና ቆሞ መስገድ ጀመረ። የቲማቲሟ ሴትዮ ከሰላቷ ተመልሳ አጠገቤ ቲማቲሞቿን እያገላበጠች የበሰበሱትን ትለይ ነበር፤ ‹‹ለምን ይደግማል?›› ብዬ ጠየቅኋት።

‹‹መንገደኛ ነዋ›› አለችኝ። ‹‹ሩቅ የሚሄድ መንገደኛ ዙሁሩን አቆይቶ ከዐስር ጋር መስገድ ይችላል። አላህ ለመንገደኛ አቅልሎለታል። እናቴ ጋ ደርሼ ሁለቱንም እዚያ እሰግዳለሁ ብሎ ይሆናል፣ ምስኪን።››

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ለመንገደኛ የወጣ ሕግስ ነበረ፤ አሠልጣኙ የነገረኝ ግን ይኸኛውን አልነበረም። እኔ ይህን ብጠይቅ ኖሮ ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱ ባንድ ቃል ይነግረኝ ነበር።

ፈንጂ የሚያውቀው ሰው ደረሰ። ፕላስተሩን ቀደደ፣ ፎጣውን ፈታ፣ ክዳኑን አዞረ፣ አሸተተ። በረዶው ቀልጦ ውሃ ሆኗል፤ ቀጭ ቀጭ ሲል የነበረው እሱ ነው። ውሃው ውስጥ ትናንሽ የመድኃኒት ጠርሙሶች ይንሳፈፋሉ። ‹‹መድኃኒት ነው›› አለና እጁን በሱሪው ጠረገ። አዛዡ እኔ ዘንድ መጥቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ‹‹ደግ አድርገሃል፤ ነገም አንድ ነገር ካየህ ንገረን›› አለኝ። አላሾፈብኝም፤ የምሩን ነበር። እኔም እስከ ዛሬ ድረስ ‹‹ያ ፔርሙስ ሌላ ነገር ቢሆንስ ኖሮ?›› እላለሁ። እላለሁ እንጂ አያጽናናኝም።

ስልኮቹ ተመለሱ። የጃማ ስልክ እጁ ላይ እንደገባ ጮኸ። አዳመጠ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ‹‹ቀበሯት›› አለ። ተመልሰን ተሳፈርን፤ እስከ ሐርጌሳ ድረስ አንድ ሰው እንኳ አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐርጌሳ ትልቅ ከተማ ናት ይላሉ፤ ሰው ለመደበቅ ግን ትንሽ ናት። ሾፌሩ ኮድቡር ሰፈር እንደምኖር ያውቃል፤ ኮድቡር ደግሞ ጄኔሬተር የሚጠግነውን ሀበሻ ያውቃል። ሐዘኑ ገና ሳይወጣ አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከሁለት ሰዎች ጋር በራችን ላይ ቆሙ።

አከራዬ ኤዶ ፋዱማ ይባላሉ። ኤዶ አክስት እንደማለት ነው። ድሬዳዋ ያደጉ ሶማሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል፣ አንቱታ ግን አይወዱም። እኔ አንቱ ማለት አልተው ብዬ፣ እሳቸው አንተ ማለት አልተው ብለው እንደተሟገትን እንኖራለን። እየሮጡ መጡና ‹‹አንተ! ምን አድርገህ ነው? ወላሂ ሽማግሌ ለደስታ በጠዋት አይመጣም!›› አሉኝ።

ሽማግሌው ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። የመጡት ለሐል ነው። እዚያ አገር ሰው ክብሩ ሲነካ የነካው ወገን ክሶ የሚታረቅበት ወግ ነው። ‹‹ጎሳህ ማን ነው? ሰው ሲሳሳት የሚጠየቁለት ሰዎች አሉት፤ ያንተ የት አሉ?›› አሉኝ።

የእኔ ሰዎች ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ከእናቴና ከአንድ የአጎት ልጅ በቀር በሕይወት መኖሬንም የሚያውቅ የለ። ስለዚህ ያለችኝን ብቸኛ ዘመድ ጠራሁ። ‹‹አባቴ፣ በቅን ልቦና የጠቆመ ተሳፋሪ ካሣ አይጠየቅም የሚል ሕግ አለ›› አልኩ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። አሰቡበት። ‹‹ያ ሕግ ጎሳው ማን ነው? የት ይኖራል? ጠርተነው ይመጣል?››

አይመጣም። የት እንደሚኖርም አላውቅም።

‹‹የእኔ ነው በሉት›› አሉ ኤዶ ፋዱማ ከኋላዬ። ‹‹ቤቴ የሚያድር የእኔ ነው። ከጠየቃችሁ እኔን ጠይቁ።›› ስንት ጊዜ ‹‹ውሃ አባከንክ›› ብለው የጮኹብኝ ሴትዮ!

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ‹‹ጃማ በግም ገንዘብም አልፈለገም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ታላቅ እኅቱ፣ ሆዳን፣ ቤት አላስገባችውም። እሱ ኢትዮጵያ እያለ አባታቸው ሲቀበርም አልደረሰም። አሁንም ስልኩን ዘግቶ ቀረ ብላለች። ኬላ ያዘኝ ቢላት ‹ሁልጊዜ አንድ ነገር ይይዝሃል› አለችው። ሾፌሩን ብንጠይቀው ‹መኪናዋ ቆማለች፤ ለምን እንደቆመች ሀበሻውን ጠይቁት› አለ። መጥተህ ንገራት።››

ሐዘንተኛ በተሰበሰበበት ቤት ደጅ ቆሞ ‹‹ልጅን ከእናቱ ቀብር ያስቀረሁት እኔ ነኝ›› ማለት! ‹‹ሶማልኛዬ አይበቃም፣ ጥርሴም ገና አልዳነም›› አልኩ። ኤዶ ፋዱማ ወደ አማርኛ ዞሩ፣ ሽማግሌው እንዳይሰሙ። ‹‹ያኔ ማንም ሳይጠይቅህ ተናገርክ። ዛሬ ሰው ለምኖህ አፍህን ልትዘጋ ነው? ተነሥ!››

ተነሣሁ። ኤዶ ፋዱማ ሻላቸውን ተከናንበው ከፊቴ ቀደሙ።

የሐዘኑ ቤት 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ነው። ደጁ ላይ ወንዶች ተቀምጠዋል። ጃማ ከግቢው ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሏል። ሲያየኝ ተነሣ፤ አልጨበጠኝም። እኅቱ በሩ ላይ ወጣች። የእሱኑ ቀጭን ፊት ይዛለች፤ ዓይኗ ደርቋል።

‹‹አንተ ነህ ያስያዝከው?›› አለች።

‹‹እኔ ነኝ።››

‹‹ወንድሜ ሌባ መሰለህ?››

‹‹የባሰ ነው የመሰለኝ።››

‹‹ምን ሲያደርግ አይተህ?››

ለወታደሩ የነገርኩትን ሁሉ ለእሷ ደገምኩላት፤ ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። ስልኩን ካነሣ በኋላ ከጆሮው ማውረድ አቃተው አልኳት። ላብ አጠመቀው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅ ግን አልነበረውም። ፔርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፎ ነበር። ሱሪዬ ላይ ሲያንጠባጥብብኝ እንኳ አላወቀም። ሰው ሲያናግረው አልሰማም። ውሃ ሲሰጡት እምቢ አለ።

እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። ‹‹ውሃ አልጠጣም?››

‹‹አልጠጣም። ኬላውም ላይ አልጠጣም። ልሂድ ልሂድ ብቻ ነበር የሚለው።››

ያን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ስናገር የአንድ አጥፊ ሰው ሥራ እየዘረዘርኩ ነበር የመሰለኝ። አሁን ደጁ ላይ የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዱ ‹‹ላ ኢላሀ ኢለላህ›› አለ። ሆዳን የሻሿን ጫፍ ዓይኗ ላይ ጫነች። ስታወርደው እኔን አላየችኝም፤ አሻግራ ወንድሟን አየች።

‹‹ግባ›› አለችው። ‹‹ግባና ውሃ ጠጣ።››

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው ‹‹ተፈጽሟል›› አሉ። ሐሉ ተከፈለ ማለት ነው። ኤዶ ፋዱማ ‹‹አልሐምዱሊላህ›› ብለው እጄን ጨበጡኝ። እኔም ‹‹ነፃ ወጣሁ›› ማለት አማረኝ። ጃማ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ።

‹‹በክፋት እንዳላደረግኸው አውቃለሁ›› አለኝ ቀስ ብሎ። ‹‹ይቅር ብዬሃለሁም። የእናቴን ፊት ግን አላየሁትም።››

እሱ ጫማውን አውልቆ ገባ።